አንድ ክሬዲት፣ ሁለት ግዴታ፦ የሙያ ኮርስ በዋሽንግተን ግዛት ሃይስኩል

ዋሽንግተን ስል ዲሲን ማለቴ አይደለም። ሲያትል፣ ኬንት፣ ሬንተንና ተክዊላ ያሉበትን የምዕራብ ጠረፍ ግዛት ነው። እዚያ ሃይስኩል ለመጨረስ 24 ክሬዲት ያስፈልጋል። አንድ ኮርስ ዓመቱን ሙሉ ተምሮ ያለፈ ልጅ 1 ክሬዲት ያገኛል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቀኑ 6 ክፍለ ጊዜ ነው። ስድስቱን በአራት ዓመት አባዙት፤ 24 ይመጣል። ትርፍ የለውም። አንድ ኮርስ የወደቀ ልጅ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎደሎ አለበት።

ይህ ጽሑፍ ግዛቱ ያንን ጥብቅ ሒሳብ ለማላላት ስላበጀው አንድ መንገድ ነው። የሙያና ቴክኒክ ኮርስ፣ በአጭሩ ሲቲኢ የሚባለው፣ እንደ ሒሳብ ወይም እንደ ሳይንስ ሊቆጠር ይችላል። ብዙ የእኛ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ይህን አያውቅም። የሚያውቀውም አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ነው የሚያውቀው።

በመጀመሪያ 24ቱን እንዘርዝራቸው። እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 3፣ ሶሻል ስተዲስ 3፣ ጤናና ስፖርት 2፣ ሥነ ጥበብ 2፣ የውጭ ቋንቋ 2፣ ሙያና ቴክኒክ 1። እስካሁን 20 ነው። የቀሩትን 4 ተማሪው እንደ ፍላጎቱ ይመርጣል። ከሥነ ጥበቡ አንዱና የውጭ ቋንቋዎቹ ሁለቱ ልጁ ካወጣው የወደፊት ዕቅድ ጋር በሚሄድ ሌላ ኮርስ ሊተኩ ይችላሉ። ሒሳቡ፣ ሳይንሱና እንግሊዝኛው ግን እንደዚያ አይለዋወጡም።

ቀድሞ የግዛቱ ዝቅተኛ መስፈርት 20 ክሬዲት ነበር። በ2014 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የወጣው ሕግ ከ2019 ተመራቂዎች ጀምሮ 24 አደረገው። ዝግጁ ላልሆኑ ዲስትሪክቶች፣ ማለትም የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድሩት አካላት፣ እስከ ሁለት ዓመት ማዘግየት ተፈቅዶ ነበር። አራት ክሬዲት ሲጨመር ቀኑ አልረዘመም። ታዲያ ብየዳ፣ ነርሲንግ፣ ምግብ ዝግጅት ወይም ግንባታ መማር የሚፈልግ ልጅ ጊዜውን ከየት ያምጣ?

መልሱ እዚያው ሕግ ውስጥ ነበር። ሕጉ የግዛቱን የትምህርት ጽሕፈት ቤት በይዘታቸው ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር የሚመጣጠኑ የሙያ ኮርሶችን ዝርዝር እንዲያዘጋጅ አዘዘው። ዝርዝሩን የሚያጸድቀው የግዛቱ የትምህርት ቦርድ ነው። ከ2015-16 የትምህርት ዘመን ጀምሮ እያንዳንዱ ዲስትሪክት ከዝርዝሩ ቢያንስ አንድ ኮርስ ለተማሪዎቹ እንዲያቀርብ ተገደደ። ከ2,000 በታች ተማሪ ያላቸው ትንንሽ ዲስትሪክቶች ፈቃድ ጠይቀው ከግዴታው መውጣት ይችላሉ። ኋላ ላይ ነገሩ ወደ ሌሎች ዋና ዋና ትምህርቶችም ሰፋ።

ሐሳቡ ራሱ ከዚያ ይቀድማል። በ2006 የወጣ ሕግ ዲስትሪክቶች በራሳቸው የሙያ ኮርሶችን እየመረመሩ አቻ እንዲሰጡ፣ ማለትም ከዋና ትምህርት እኩል እንዲቆጥሩ አዞ ነበር። በ2013 ደግሞ የኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሃይስኩል ኮርስ) ኮምፒውተር ሳይንስ እንደ ሒሳብ ወይም እንደ ሳይንስ እንዲቆጠር ተወሰነ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የግዛቱ ዝርዝር ነው። ሌላው ዲስትሪክቱ በራሱ መርምሮ ያጸደቀው አቻ ነው። ለልጁ ሁለቱም ይሠራሉ። ለወላጅ ግን ልዩነቱ ይታያል፤ በአጎራባች ከተማ ሳይንስ ሆኖ የሚቆጠር ኮርስ እናንተ ዲስትሪክት ውስጥ ተራ ምርጫ ኮርስ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

አሁን ሰዎች የሚሳሳቱበትን ነገር እናንሳ። የግዛቱ ደንብ ይህን አሠራር «ሁለት በአንድ» ይለዋል። አንድ ልጅ አቻ የተሰጠው የሙያ ኮርስ ሲያልፍ ሁለት ግዴታ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የሳይንሱን ያሟላል፣ የሙያውንም ያሟላል። የሚጻፍለት ክሬዲት ግን አንድ ብቻ ነው። 24ቱ አይቀነስም። ያተረፈው ባዶ ቦታ ነው። የሙያ ግዴታው በሳይንሱ ኮርስ ውስጥ ስላለቀ ያቺን አንድ ቦታ በፈለገው ሌላ ኮርስ ይሞላታል። አራት የነበረው የምርጫ ቦታ አምስት ሆነ ማለት ነው።

ልጁ ሁለት ክሬዲት አገኘ ብሎ ያሰበ ቤተሰብ 12ኛ ክፍል ላይ ሲደርስ አንድ ሲጎድል ያገኘዋል። በዚያ ሰዓት የሚቀረው ሰመር ስኩል ወይም የማታ ኮርስ ነው። ዲስትሪክቱ እንደ ልጁ ሁኔታ እስከ 2 ክሬዲት ሊተውለት የሚችልበት ሥርዓት አለ። እሱም ቢሆን ከዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች አይነካም።

ሁሉም ነገር የሚጨረሰው ትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም የልጁ ኮርሶችና ውጤቶች የሚመዘገቡበት ወረቀት ላይ ነው። ሕጉ በዚህ ግልጽ ነው። አቻ የተሰጠው የሙያ ኮርስ ዋናውን ግዴታ የሚያሟላው በአካዳሚክ ዘርፉ መለያና ስም ከተመዘገበ ነው። ወረቀቱን ስታዩት እያንዳንዱ መስመር የኮርሱን ስም፣ ውጤቱንና ክሬዲቱን ይዟል። ከስሙ አጠገብ ትንንሽ የፊደል ምልክቶች አሉ። ለምሳሌ «ቢ» የምትለዋ ፊደል ኮርሱ ለአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንደሚቆጠር ታመለክታለች። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ባዮሎጂ ያለበት የጤና ሙያ ኮርስ ተምሮ መስመሩ በሙያ ዘርፍ ብቻ ከተመዘገበ፣ የሳይንስ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። የተማረው አልጠፋም። የተቆጠረለት ግን የለም። እኔ ከዚህ ሁሉ ሕግ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህችን መስመር እመርጣለሁ።

አሁን ክፍሉ ውስጥ እንግባ። በወረቀት ላይ አቻ ማለት ቀላል ነው፤ ጥያቄው ሒሳቡ እውነት እዚያ አለ ወይ ነው። በአሜሪካ ስማቸው ከወጣ ኮርሶች አንዱ ጂኦሜትሪን ከግንባታ ያጣመረው ነው። በኮሎራዶ ግዛት በላቭላንድ ሃይስኩል ተጀምሮ ወደ ብዙ ግዛት ተዛመተ። አንድ የሒሳብ መምህርና አንድ የግንባታ መምህር አብረው ያስተምራሉ። ልጆቹ እውነተኛ ቤት ይሠራሉ።

ጣሪያ የሚያወጡበትን ቀን አስቡት። የቤቱ ስፋት 24 ጫማ ነው እንበል። ጣሪያው ከመሃል ወደ ሁለት ጎን ይወርዳል። እያንዳንዱ ወራጅ እንጨት በአግድም 12 ጫማ ይሸፍናል። ተዳፋቱ በየ12 ኢንቹ 4 ኢንች ከፍ ይላል። ስለዚህ መሃሉ ላይ ጣሪያው ከግድግዳው ጫፍ 4 ጫማ ከፍ ብሏል። ወራጁ ስንት ጫማ ይቆረጥ? 12 በ12 ሲባዛ 144። 4 በ4 ሲባዛ 16። ድምሩ 160። የ160 ስኩዌር ሩት 12.65 ነው። ማለትም 12 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ትንሽ ሲያንስ። ከግድግዳው ወጥቶ ዝናብ የሚከላከለው ክፈፍ ይጨመርበታል። ጫፉ የሚቆረጥበት ማዕዘን ደግሞ ታንጀንቱ አንድ ሦስተኛ የሆነ ማዕዘን ነው፤ 18.4 ዲግሪ ገደማ። ልጁ ከተሳሳተ እንጨቱ አይገጥምም። አስተማሪው በቀይ እስክሪብቶ እስኪያርም መጠበቅ አያስፈልግም።

ይህ የፓይታጎረስ ትምህርት ነው፣ ያውም በደንብ የተማሩት። አገር ቤት ግንበኛው መሠረት ሲያወጣ ሲባጎ ወጥሮ 3፣ 4፣ 5 እየለካ ማዕዘኑን የሚያስተካክለው በዚሁ ሕግ ነው።

ግን ጂኦሜትሪ ፓይታጎረስ ብቻ አይደለም። ማረጋገጫ አለው። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች፣ ክቦች፣ የኮኦርዲኔት ሥራ አሉት። ጣሪያ ሲሠራ የማይመጡ ነገሮች አሉ። ጥሩ የአቻ ኮርስ እነዚህን ቁጭ አድርጎ ያስተምራል፤ አንዳንዴ ነጭ ሰሌዳው ፊት፣ እንጨትና መጋዝ በሌለበት። አቻ የሚለው ቃል ክብሩን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ኮርሱን የሚመረምሩት ሰዎች የሙያውን ይዘትና የግዛቱን የሒሳብ መስፈርት ጎን ለጎን አድርገው ነጥብ በነጥብ ማየት አለባቸው። ይህ ካልተደረገ ልጁ ክሬዲቱን ይዞ አልጀብራ 2 ክፍል ሲገባ ይቸገራል። ያኔ ኃላፊነቱ የልጁ አይደለም።

ሒሳብን በሙያ ውስጥ ማስተማር ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥናት አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ምርምር ማዕከል አንድ ሙከራ አካሄደ። የሙያ መምህራን ከሒሳብ መምህራን ጋር ተጣመሩ። ግብርና፣ መኪና ጥገና፣ ቢዝነስ፣ ጤናና አይቲ ውስጥ ተደብቆ ያለውን ሒሳብ አውጥተው በግልጽ የሚያስተምሩ ትምህርቶችን አብረው አዘጋጁ። ከክፍለ ጊዜው የወሰደው አንድ አስረኛ ገደማ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቹ ከሦስት የሒሳብ ፈተናዎች በሁለቱ እንዲህ ካልተማሩት ልጆች የተሻለ ውጤት አመጡ። የሙያ ዕውቀታቸው ደግሞ አልቀነሰም። በሦስተኛው ፈተና ግን ልዩነት አልታየም። እኔ ከጥናቱ የምወስደው የመምህራኑን መጣመር ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ብቻውን ሲተው ሒሳቡ እጁ ላይ እንጂ ሰሌዳው ላይ አይወጣም። በዋሽንግተን ግዛት ከሥራ ዓለም በቀጥታ መጥቶ የሙያ መምህር መሆን ይቻላል፤ ለዚያ መንገድ የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ነው። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። የሒሳብ መምህር ድጋፍ ግን ይገባቸዋል።

ወደ እኛ ልጆች ልምጣ። ከኢትዮጵያ በ15 ወይም በ16 ዓመቱ የመጣ ልጅ ከሌላው ይልቅ ይህ ነገር ይመለከተዋል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክፍል ይገባል። ያ ክፍል በብዙ ቦታ የሚቆጠረው እንደ ምርጫ ኮርስ ነው፤ አንዳንድ ቦታ እንደ እንግሊዝኛ ይቆጠራል። የምርጫ ቦታዎቹ አራት ብቻ ናቸው። ሁለት ዓመት ማጠናከሪያ ከወሰደ ግማሹ አለቀ። ሁለት በአንድ የሚያተርፍለት አንድ ቦታ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ቋንቋው ገና ያልጠነከረ ልጅ እንጨቱን እየለካ፣ የደም ግፊት እየለካ ሲማር ቃሉን ከነገሩ ጋር ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ስለሚጠቅም ነው። ይኸው ግዛት የውጭ ቋንቋ ክሬዲትን በፈተና ይሰጣል። አማርኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር የሚችል ልጅ ተፈትኖ እንደ ደረጃው እስከ 4 ክሬዲት ማግኘት ይችላል። ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሳይቀመጥ። ሌላም አለ። ከአገር ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት ካለ ተተርጉሞ ለትምህርት ቤቱ ይቅረብ። ተገምግሞ ክሬዲት ሊሰጥበት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ትቶ ልጁን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ስኪልስ ሴንተር የሚባለው ነው። ከሲያትል በስተ ደቡብ በቡሪየን ያለው የፒውጀት ሳውንድ ስኪልስ ሴንተር አንዱ ነው። ከተለያዩ ዲስትሪክቶች የመጡ ልጆች ግማሽ ቀን በሃይስኩላቸው፣ ግማሽ ቀን እዚያ ይማራሉ። የትምህርት ክፍያ የለውም። ግማሽ ቀኑ በዓመት እስከ 3 ክሬዲት ያስገኛል። ሦስቱም በባዶ ሙያ ከተመዘገቡ ልጁ ይጨናነቃል። ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ እንደ ሳይንስ ወይም እንደ እንግሊዝኛ ከተቆጠሩ ግን ዓመቱ ይተነፍሳል። ከመመዝገብ በፊት የትኛው ክሬዲት በምን ስም እንደሚጻፍ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ከእኛ ወላጆች የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ልጄን እዚህ ድረስ ያመጣሁት ለብየዳ ነው ወይ ይላሉ። ስሜቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እኛ አገር ከ1986ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ልጆችን ለሁለት ከፈለ። ነጥቡ የመጣለት ወደ መሰናዶ ገባ። ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ሄደ። «10+1»፣ «10+2»፣ «10+3» የሚባለው ነገር በብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ የወደቀ ልጅ ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በፊት በንጉሡ ዘመን የነበሩት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ንግድ፣ ግብርና፣ የእጅ ሥራና የቤት ባልትና በአንድ ግቢ ከአካዳሚው ጎን ያስተምሩ ነበር። ያ ትዝታ ግን ከትልልቆቹ ጋር ነው ያለው።

የዋሽንግተኑ አሠራር ልጅ አይከፍልም። የባዮሜዲካል ኮርስ የወሰደችው ልጅ እዚያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ትማራለች፣ ለዩኒቨርሲቲም ታመለክታለች። ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ በ16 ዓመቷ የሕክምና ክፍል ውስጥ ገብታ ብታይ ምን ትጎዳለች? በርካታ ወገኖቻችን በሲያትል አካባቢ በነርሲንግ፣ በአይቲና በግንባታ ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው ይህን ሥራ በክሬዲት ሲማሩት ማፈር አይገባም።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዲፕሎማና የዩኒቨርሲቲ በር አንድ አይደሉም። በግዛቱ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የኮርስ መስፈርት አላቸው። አልጀብራ 2 ይፈልጋሉ። በመጨረሻው ዓመትም ሒሳብ ነክ ኮርስ ይጠይቃሉ። ለምረቃ ግን ሦስተኛው የሒሳብ ክሬዲት እንደ ልጁ ዕቅድና እንደ ወላጁ ስምምነት ከአልጀብራ 2 ውጪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ የሙያ ኮርስ ሦስተኛ ሒሳብ ሆኖ ልጁን ሊያስመርቀው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሊመልሰው ይችላል። ከጂኦሜትሪ ጋር አቻ የተሰጠው ኮርስ በዚህ ረገድ አያሰጋም፤ አልጀብራ 2 ከኋላው ይመጣል። ሦስተኛውን ቦታ ሲነካ ነው ሁለት ጊዜ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን ጨምሩ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለትልልቆቹ ሊጎች 16 ዋና ኮርስ ይጠይቃል። የሙያ ኮርሶችን ከዋና ኮርስ አይቆጥርም፤ ብየዳን በስም ጠቅሶ ነው የሚያወጣው። ትምህርት ቤቱ ያስመዘገበው የተፈቀዱ ኮርሶች ዝርዝር አለ። ልጁ የወሰደው አቻ ኮርስ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ፣ ግዛቱ ሒሳብ ቢለውም ለስኮላርሺፕ አይሠራም።

በአጠቃላይ ስመዝነው ሕጉ ጥሩ ነው እላለሁ። ድክመቱ ሸክሙ ካውንስለሩ፣ ማለትም በትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ስለ ኮርስ የሚያማክረው ሰው ላይ መውደቁ ነው። አንድ ካውንስለር በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ይዞ የትኛው ኮርስ በየትኛው ስም እንደተጻፈ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያስረዳ አይችልም። እንግሊዝኛው የሚከብደው ወላጅ ደግሞ አይደውልም። ስለዚህ ዕድሉ የሚደርሰው ሥርዓቱን ለሚያውቁት ነው። ትምህርት ቤት አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ያለ ክፍያ ነው፤ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ጊዜው 8ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ነው፣ ለ9ኛ ክፍል ኮርስ ሲመረጥ። ሳይቃጠል በቅጠል። ካውንስለሩን ስትጠይቁ በዲስትሪክቱ አቻ የተሰጣቸው የሙያ ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከዚያ ልጁ የፈለገውን ኮርስ ይዛችሁ በትራንስክሪፕቱ ላይ በየትኛው ዘርፍ እንደሚጻፍ፣ ሳይንስ ከሆነም ቤተ ሙከራ ያለው ተብሎ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሦስቱ የሳይንስ ክሬዲቶች ሁለቱ የቤተ ሙከራ መሆን አለባቸውና። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ መቆጠሩንም አብራችሁ አረጋግጡ። በሰኔ ውጤት ሲወጣ ትራንስክሪፕቱን አትሙና መስመሩን በዓይናችሁ እዩ። ስሕተት ካለ መምህሩም ካውንስለሩም እዚያው ስላሉ በዚያው ወር ይታረማል። ልጁ ሌላ ከተማ ከተዛወረ በኋላ ግን ማስተካከል ከባድ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው።